የእናቴን የዓይን ቆብ ያነሳው ቀዶ ሕክምና፦ ደሴ ላይ ያገኘነው አገልግሎት

የእናቴ የዓይን ቆቦች መውረድ የጀመሩበትን ጊዜ ማናችንም በትክክል አናውቀውም። እኛ ያስተዋልነው ሐይቅ ከተማ ካለው ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ ማድረጉን ትታ እስከ አገጯ ከፍ አድርጋ መያዝ ስትጀምር ነው። ሻሿንም ግንባሯ ላይ አጥብቃ፣ ወደ ላይ ስባ ማሰር ልማድ አድርጋ ነበር፤ እኛ ራስ ምታቷን ለማስታገስ የምታደርገው መስሎን ቆየን። አንድ ቀን እህቴ አላልታ ልታስርላት ስትሞክር ግን እጇን ያዘቻትና “ተይው ልጄ፣ ቅንድቤን ካላነሳልኝ አይታየኝም” አለቻት።

ትክክለኛውን ቦታ እስክናገኝ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ባክኗል። መጀመሪያ የወሰድናት አንድ መነጽር ቤት ሁለት ጊዜ መነጽር ሸጠልን እንጂ ቆቧን ቀና ብሎ ያየላት ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቻችን ደግሞ የማዝ ሕክምና በነፃ ሲሰጥ ጠብቀን እንድንወስዳት መከሩን። ምክራቸው ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም ሁለቱ ሕክምናዎች ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። በወሎ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው የማዙን ነው፤ ማዝ ወይም ትራኮማ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ያደርገውና ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፣ የታጠፈው ፀጉርም ዓይኑን ይፍቃል፣ ቀዶ ሕክምናው የቆቡን ጠርዝ ወደ ውጭ ይመልሰዋል። የእናቴ ሽፋሽፍት ግን ወረንጦ የሚያስፈልገው አልነበረም። ቆቧ ብቻ ወርዶ ብሌኗን ሸፍኖታል፤ ሐኪሞች ይህንን ፕቶሲስ ይሉታል።

በመጨረሻ ደሴ በሚገኝ አንድ የግል የዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ ያዝን። ስለዚህ አገልግሎት ከምንም በላይ ላመሰግን የምፈልገው ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት የተደረገውን ምርመራ ነው። ሐኪሟ ትንሽ ማስመሪያ ይዛ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና “እማማ፣ አገጭዎን ዝቅ አድርገው እኔን ብቻ ይመልከቱ” አለቻት። ከብሌኑ መሐል እስከ ላይኛው ቆብ ጠርዝ ያለው ርቀት በጤነኛ ሰው 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእናቴ በቀኝ 1፣ በግራ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ቀጥላ ቅንድቧን በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘች፤ ይህን ያደረገችው ግንባሯ እንዳያግዛት ነው። ከዚያም ወደ መሬት፣ ቀጥሎ ወደ ጣሪያ እንድታይ አድርጋ ቆቡ የተጓዘውን ርቀት ስትለካ 13 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይህ ልኬት የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት የሚወስን መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቆቡን የሚያነሳው ጡንቻ ደህና ሆኖ ከቆቡ ጋር የሚያያይዘው ጅማት በዕድሜ ብዛት ከላላ ወይም ከተላቀቀ፣ ጅማቱን ሰብስቦ በቦታው መልሶ መስፋት ይበቃል። ጡንቻው ራሱ ደካማ ሆኖ ቆቡ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ቆቡን ከግንባር ጡንቻ ጋር በማሰሪያ ማያያዝ ሊያስፈልግ ይችላል።

በዚያ ሳታበቃ፣ ድካሙ ማታ ማታ ይብስባት እንደሆነ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያት እንደሆነ፣ ምግብ ለመዋጥ ትቸገር እንደሆነ ጠየቀቻት። ለአንድ ደቂቃ ያህል ዓይኗን ወደ ላይ ተክላ እንድታይ አደረገች፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶም 2 ደቂቃ ቆቧ ላይ አቆየችላት። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የነርቭና የጡንቻ ሕመም ቆብን ይጥላል፤ በረዶ ሲያርፍበት ለጊዜው የሚነሳ ቆብ ወደዚህ ሕመም ይጠቁማል፣ ሕክምናውም በቅድሚያ መድኃኒት ነው። የእናቴ ቆብ አልተነሳም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ሐኪሟ የቀኙን ቆብ በጣቷ ከፍ አድርጋ ስትይዘው፣ ማንም ያልነካው የግራው ቆብ ዓይኔ እያየ ዝቅ አለ። አንጎል ለሁለቱም ቆቦች እኩል ትእዛዝ ስለሚልክ፣ የባሰበትን ለማንሳት የሚያደርገው ግፊት ሌላውንም ደግፎት ይቆያል፤ አንዱ ሲስተካከል ግፊቱ ይቀንሳል፣ የሌላው ውድቀትም ይገለጣል። እኛ ቀኙን ብቻ ለማሠራት ነበር የሄድነው። ያንን በዓይናችን ካየን በኋላ ሁለቱም በአንድ ቀን እንዲሠሩ ተስማማን። ለልብ የምትወስደውን አስፕሪን በራሳችን እንዳናቋርጥ፣ ያዘዘላትን ሐኪም ጠይቀን እንድንመለስም አሳስባናለች።

ቀዶ ሕክምናው የተሠራው ቆቡ ብቻ ደንዝዞ፣ እናቴ ነቅታ እየሰማች ነው። በቆቡ ተፈጥሯዊ እጥፋት ላይ ተከፍቶ ጅማቱ ከተያያዘ በኋላ ሐኪሟ ከአልጋው ቀና አድርጋ አስቀመጠቻትና ዓይኗን እንድትከፍት ነገረቻት፤ ግራው ከፍ ብሎ ስላገኘችው አንዱን ስፌት አላልታ እንደገና አሰረችው። እናቴ ስትወጣ “ልብስ ሰፊ እንደሚለካው እየለካች ነው የሠራችኝ” አለችን። ከማደንዘዣው መርፌ በስተቀር ያመማት ነገር አልነበረም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ጥንቃቄ በሚመለከት ነርሷ ያደረገችልንን አልረሳውም። ለአንድ ሳምንት ፊቷን ውኃ እንዳይነካት፣ አጎንብሳ ዕቃ እንዳታነሳ፣ ስትተኛ ትራሷን ከፍ እንድታደርግ ከነገረቻት በኋላ፣ እኛ ሳንጠይቅ “ስለ ውዱእና ስለ ሱጁድ የመስጊዱን ሼህ አማክሩ” አለችን። ሼሁም ሕመምተኛ በመሆኗ ለውዱእ በውኃ መታጠቡን ትታ በንጹሕ አፈር ተየሙም እንድታደርግ፣ ሶላቷንም ተቀምጣ እንድትሰግድ ነገሯት። ይህ ምክር ባይሰጠን ኖሮ እናቴ በመጀመሪያው ሱብሂ ግንባሯን መሬት ታስነካ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ማጎንበስ ደግሞ እብጠቱንና የመድማቱን ስጋት ይጨምራል። ከምድጃው ጭስ አርቀን፣ ቡናውን እህቴ እየቆላች ሰባቱን ቀን አሳለፍን፤ በሰባተኛው ቀን ስፌቱ ወጣ።

ቅሬታም አለኝ። ወደ ቤት ስንሄድ የተሰጠን የጥንቃቄ ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነበር፤ ከሐይቅና ከዙሪያው ገጠር ለሚመጡ ታካሚዎች ይህ ተገቢ አይደለም። የታዘዘው የዓይን ቅባት በክሊኒኩ መድኃኒት ቤት ባለመኖሩ ከፒያሳ ጀምሮ ሦስት ቦታ ዞረን ነው ያገኘነው። ከሁሉም የከፋው ግን የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጉዳይ ነው። ቆብ ሲነሳ በእንቅልፍ ጊዜ ዓይን ለጥቂት ሳምንታት በደንብ ላይገጥም ይችላል፤ ስለዚህ እንዳይደርቅ ቅባቱን በብዛት መቀባት ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ያስረዳን ሰው ስላልነበረ እናታችን ተኝታ ዓይኗ በጭረት ያህል ተከፍቶ ስናይ ደነገጥን፤ በተሰጠን ስልክም በሌሊት የሚያነሳ አላገኘንም። ክፍያውን በተመለከተ የቀዶ ሕክምናው ዋጋ አስቀድሞ ቢነገረንም፣ መድኃኒቱና ተከታዩ ምርመራ ለብቻ የሚከፈል መሆኑን የሰማነው ዘግይተን ነው።

ከእኛ ጋር ወረፋ ይዛ የነበረች አንዲት እናት ሲወለድ ጀምሮ አንድ ቆቡ የወደቀ የአራት ዓመት ልጅ ይዛ ነበር፤ ቅንድቡ ላይ የመብጣት ጠባሳ ይታያል። ክሊኒኩ ሙሉ ማደንዘዣ ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል በፍጥነት እንድትወስደው ደብዳቤ ጽፎላታል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ባለመያዙ አከብረዋለሁ። በልጅነት ብሌኑ ከተሸፈነ ዓይኑ ማየት ሳይለምድ ሊቀር ይችላልና “ሲያድግ ይስተካከላል” ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። በድንገት የወደቀ ቆብም ከከባድ ራስ ምታት፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ከማየት ወይም ከአንድ ብሌን መስፋት ጋር ከመጣ የዚህ ክሊኒክ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

በሦስተኛው ወር ክትትል ሐኪሟ በዚያው ማስመሪያ ስትለካ ቀኙ 4፣ ግራው 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ሆኗል። ከፈለገች ግራው ጥቂት ሊነሳ እንደሚችል ብትነግራትም እናቴ “ሰፌዱ ጭኔ ላይ ሆኖ ጠጠሩን ከምስሩ እለያለሁ፣ ይበቃኛል” ብላ እንቢ አለች። ከክሊኒኩ ስንወጣ ሻሿን ፈትታ ላላ አድርጋ አሰረችው።