ሞሪሸስና ሲሸልስ፦ ከአንድ አስተዳደር የወጡ ሁለት የደሴት አገሮች

ሞሪሸስና ሲሸልስ ሁለቱም ከፈረንሳይ ወደ ብሪታንያ እጅ ያለፉ፣ ቀድሞ ቋሚ ነዋሪ ያልነበራቸው የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ሲሆኑ፣ ሲሸልስም እስከ 1903 እ.ኤ.አ. ድረስ ትተዳደር የነበረው ከሞሪሸስ ነው። የለያያቸው በዋናነት ሸንኮራ አገዳ ነው። ሞሪሸስ ባርነት በ1835 ከቀረ በኋላ ለእርሻዎቿ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሕንድ የውል ሠራተኞችን ስላስመጣች፣ ዛሬ አብዛኛው ሕዝቧ የእነርሱ ዘር ነው፤ በፖርት ሉዊስ ወደብ የወረዱበት አፕራቫሲ ጋትም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሲሸልስ ግን ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ሰዎች ቅይጥ የሆነው የክሪዮል ባህል የበላይነት ይዟል፤ ክሪዮልኛም ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ጎን ብሔራዊ ቋንቋ ነው።

በኢኮኖሚ ረገድ በ1968 ነጻ የወጣችው ሞሪሸስ በስኳር ላይ ብቻ ላለመንጠልጠል ከ1970 ጀምሮ ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች የሚሰሩባቸውን የውጭ ንግድ ቀጠናዎች አቋቁማ ወደ ጨርቃ ጨርቅ፣ ከዚያም ወደ ቱሪዝምና ፋይናንስ ተሸጋግራለች። በ1976 ነጻ የወጣችው ሲሸልስ የምትተማመነው በቱሪዝምና በቱና ዓሣ ነው። የሲሸልስ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ በ2008 የውጭ ዕዳዋን መክፈል ያቃታት መሆኑን ሳስብ የሞሪሸስ መሠረት የጸና ሆኖ ይታየኛል፤ በባሕር ጥበቃ ረገድ ግን በ2018 በዓለም የመጀመሪያውን የመንግሥት ሰማያዊ ቦንድ (ገንዘቡ ለባሕር ጥበቃና ለዘላቂ ዓሣ ሀብት የሚውል የብድር ሰነድ) የሸጠችው ሲሸልስ ትቀድማለች።