በልክ የተሰራ የጫማ ውስጥ ሶል ለተረከዝ ህመም፣ ከአንድ አመት ተኩል በኋላ ያለኝ አስተያየት

ይሄን የምፅፈው ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ መሬት መርገጥ ለሚፈራ ሰው ነው። እኔ ስምንት ወር ሙሉ እንደዛ ነበርኩ፣ አይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የምትታየኝ ከአልጋዬ እስከ ሽንት ቤት በር ያለችው መንገድ ነበረች። ግድግዳ ይዤ፣ በእግሬ ጠርዝ፣ ቀስ እያልኩ። ትንሽ ስሄድ ይለቀኛል፣ ተሻለኝ ብዬ ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ፣ ከሰአት ላይ ግን ተረከዜ ውስጥ የጋለ ሚስማር የተተከለ ነው የሚመስለኝ። አስተማሪ ነኝ፣ ስራዬ ቀኑን ሙሉ መቆም ነው።

ስሙ ፕላንታር ፋሻይቲስ ይባላል። ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ስር ድረስ የተዘረጋ ወፍራም ጅማት አለ፣ እንደ መቀነት ያለ፣ እሱ ነው የሚታመመው፣ በተለይ ተረከዙ ላይ የተያያዘበት ቦታ። ስንተኛ እግራችን ወደ ታች ዘንበል ብሎ ስለሚያድር ጅማቱ ተኮማትሮ ነው የሚያድረው፣ ጠዋት ስንቆም ደሞ ባንዴ ይወጠራል፣ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች እንደዛ የሚያስጮሁት ለዛ ነው። ይሄን ያስረዳኝ ሰውዬ አውራ ጣቱን ተረከዜ ስር በውስጥ በኩል አድርጎ ጫን ሲለኝ ከወንበሩ ብድግ አልኩ፣ "አዎ፣ እዚህ ጋ ነው" አለኝ። ከዛ በፊት ራጅ ተነስቼ የአጥንት እሾህ አብቅለሻል ተብዬ ስጨነቅ ከርሜ ነበር፣ እሱ ግን እሾሁ ብዙ ጊዜ የህመሙ ምክንያት እንዳልሆነ፣ እሾህ ኖሯቸው ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች እንዳሉ ሲነግረኝ ሸክም ነው የወረደልኝ።

ወደ ልክ ማሰራት የሄድኩት ግን መጀመሪያ ላይ አይደለም። መጀመሪያ የገዛሁት ለስላሳውን ጄል ነው፣ ተረከዝ ስር የሚገባውን፣ ሲረግጡት ደስ ይላል ግን እግርን ምንም አይደግፍም፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ጠፍጣፋ ሆነ። ቀጥሎ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ጠንከር ያለ ኢንሶል፣ ማለት የጫማ ውስጥ ሶል፣ ገዛሁ፣ ያ በእውነት ረድቶኛል፣ የቀኝ እግሬ ህመም በግማሽ ቀንሷል ብል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ተረከዛችሁን ገና የጀመራችሁ ከሆነ በቀጥታ ወደ ውዱ አትሂዱ። በፈረንጆቹ 2006 የታተመ ጥናት አለ፣ ይሄው ህመም ያለባቸውን ሰዎች ለሶስት ከፍለው ላንዱ ቡድን በልክ የተሰራ፣ ላንዱ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ፣ ላንዱ ደሞ ምንም ድጋፍ የሌለው ስስ ስፖንጅ ሰጥተው አንድ አመት ተከታተሏቸው። ሶስት ወር ላይ ሁለቱም ከስፖንጁ ትንሽ ተሽለው ተገኙ፣ በልክ የተሰራው ግን ከተዘጋጀው ብልጫ አላሳየም፣ አመቱ ላይ ሲደርሱ ደሞ ሶስቱም ተቀራራቢ ሆኑ። ይሄን ሳይናገር በልክ ካልሆነ አይሆንም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ልብ በሉ።

እኔ ታዲያ ለምን አሰራሁ? እግሬ ጎድጓዳ ነው። እግራችሁን አርጥባችሁ ደረቅ ወለል ላይ ብትረግጡ ይታያችኋል፣ የኔ ተረከዙና የፊቱ ብቻ ነው የሚታተመው፣ መሀሉ በቀጭን መስመር ነው የተገናኘው፣ በግራ እግሬማ መስመሩም የለም። ማለት ሰውነቴ በሙሉ የሚያርፈው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ መሀሉ ስራ አይሰራም። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ኢንሶል የመሀሉ ከፍታ ለብዙ ሰው ተብሎ የተሰራ ስለሆነ የግራ እግሬ ጋ አይደርስም፣ ክፍተት ይቀራል፣ ጣቴን ሁሉ አስገብቼ አይቻለሁ። ህመም ያለው ጎድጓዳ እግር ላይ ደሞ በልክ የተሰራ እንደሚረዳ በጥናት የታየ ነገር ነው፣ ክብደቱን መላ ውስጥ እግር ላይ ስለሚበትነው።

ልክ የሚወሰድበት መንገድ ብዙ ነው፣ በጄሶ የሚወስዱ አሉ፣ በስካነር የሚያነሱም አሉ፣ የኔ በፎም ሳጥን ነበር። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ልክ የሚወስደው ሰውዬ ጉልበቴንና ቁርጭምጭሚቴን ይዞ እግሬን ቀጥ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ ፎሙ ተጫነው፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንደመግባት ነው፣ ሲያወጣልኝ የእግሬ ቅርፅ ከነጣቶቼ ቁጭ ብሏል። ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን ሳያቸው ነው ግራና ቀኜ ምን ያህል እንደሚለያይ የገባኝ። ከዛ በፊት ኮሪደር ላይ ባዶ እግሬን አስመላልሶኛል፣ የድሮ ጫማዬንም ገልብጦ ሶሉ የት ጋ እንደተበላ አይቷል። ልክ የሚወስድላችሁ ሰው ስትራመዱ ሳያይ፣ ጫማችሁን ሳያገላብጥ፣ ስለ ስራችሁ ሳይጠይቅ አቁሞ ብቻ ከለካችሁ እኔ ብሆን አላሰራም።

ከሶስት ሳምንት በኋላ ደረሰልኝ። ከታች ስስ ግን ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው፣ ከላይ ለስላሳ ልባስ አለው፣ ተረከዙ ጋ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ተረከዝን ከጎንና ከጎን ይይዛል። መጀመሪያ ስቆምበት ቅር አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ለስላሳ ነገር ጠብቄ ድንጋይ የረገጥኩ መሰለኝ። "እህቴ፣ ዛሬ አንድ ሰአት ብቻ አድርገሽ አውልቂው፣ ነገ ሁለት ሰአት፣ እንደዛ እያልሽ ጨምሪ" አለኝ። ሰምቼዋለሁ፣ እናንተም ስሙ፣ ምክንያቱም ጡንቻው አዲሱን አቋቋም እስኪለምድ ባትንና ጉልበትን ያምማል፣ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ ሲብስም እስከ ወር።

አምስተኛው ቀን ላይ ግን የግራ እግሬ መሀሉ ላይ ቀላ፣ ስነካው ያቃጥላል፣ ከፍታው በዝቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው አውልቆ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚወረውረው፣ አንድ የስራ ባልደረባዬ ራሷ የኔን ስታይ "እኔም አለኝ፣ አንድ ሳምንት አድርጌ ተውኩት" ነው ያለችኝ። እኔ ይዤው ተመለስኩ። የቀላው ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ቀለም ቀብቶ ኢንሶሉን አስረገጠኝ፣ ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ የት ጋ እንዳረፈ አየ፣ በሙቅ አየር መምቻ አሙቆ በአውራ ጣቱ ትንሽዬ ዝቅ አደረገው፣ በሞረድ ጠርዙን ሞረደ፣ ክፍሉ ሁሉ የጋለ ፕላስቲክ ሸተተ። አስር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዛች ቀን በኋላ እግሬ ውስጥ እንዳለ ረስቼው እውላለሁ። ለኔ የከፈልኩበት ነገር ያቺ አስር ደቂቃ ናት፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ "ካልተመቸኝ ተመልሼ መጥቼ ታስተካክሉልኛላችሁ ወይ፣ እስከ መቼ?" ይሁን። አይ ካሉ ሌላ ፈልጉ።

ህመሙስ? ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ አንድ ጠዋት ተነስቼ ኩሽና ደርሼ ቡና ልጥድ ስል ነው ግድግዳ ሳልይዝ እንደመጣሁ ያወቅኩት፣ ቆሜ ቀረሁ። ሙሉ በሙሉ የጠፋው ግን አራት ወር ቆይቶ ነው። ሁሉንም ምስጋና ለኢንሶሉ መስጠት ግን ልክ አይሆንም፣ ጎን ለጎን እንቅስቃሴ እሰራ ነበር፣ ከአልጋ ሳልወርድ የእግር ጣቶቼን በእጄ ወደ ራሴ ጎትቼ መያዝ፣ ግድግዳ ገፍቶ ባትን መሳብ፣ በኋላ ደሞ ጣቶቼ ስር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጌ ደረጃ ላይ ተረከዜን ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ማድረግ። ይሄ ህመም አብዛኛው ሰው ላይ በአመት ውስጥ ያለ ኦፕራሲዮን ይድናል። ኢንሶሉ የሰጠኝ ነገር ጅማቱ እያገገመ እያለ ቆሜ ማስተማር መቻሌን ነው፣ እሱ ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጫማ ላይ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ማንም አልነገረኝም ነበር። የራሱ ሶል የሚወጣ ጫማ መሆን አለበት፣ አውጥታችሁ ነው የምትተኩት፣ ደራርባችሁ ካስገባችሁ ተረከዛችሁ ከጫማው ይወጣል። ከኋላ ተረከዝ የሚይዘው ክፍል በእጅ ሲጫኑት የማይታጠፍ ይሁን። ሶስት ሾል ያሉ ጫማዎቼን ለእህቴ ሰጥቻለሁ፣ ያሳዝናል ግን አይገባም በቃ። ቤት ውስጥ በባዶ እግር መሄድም ትቻለሁ።

ስኳር ያለባችሁና እግራችሁ የሚደነዝዛችሁ ግን የኔን አይነት ጠንካራ ነገር ከራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳታደርጉ፣ ስትቆስሉ አይሰማችሁም። ለናንተ የሚሰራው ለስላሳ ሆኖ ጫናን የሚያበርድ ነው፣ ሀኪም አይቶት፣ ማታ ማታም እግር ታይቶ። ደሞ እግራቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ምንም የማያማቸው ሰዎች ምንም ማሰራት አያስፈልጋቸውም፣ ትንንሽ ልጆችም እንደዛው፣ የብዙ ህፃናት እግር ጠፍጣፋ ነው፣ ሲያድጉ ቅርፁ ይወጣል።

ከአምስት አራት ነው የምሰጠው። አንዱን የቀነስኩት በዋጋውና ከሁሉም ጫማ ጋር ስለማይሄድ ነው። ፕላስቲኩ እስካሁን ምንም አልሆነም፣ አመታት ይቆያል። የላይኛው ልባስ ግን አውራ ጣቴ ጋ ተበልቶ መላጥ ጀምሯል፣ እሱ ብቻውን ተነስቶ አዲስ ይለጠፋል አሉኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እወስደዋለሁ።