ጣሪያችንን ያስመለሰልንን ጠበቃ አመስግኑልኝ

ትናንት ሌሊት ደሴ ላይ ዶፍ ወረደ። እናቴ ግን ባልዲ ሳታስቀምጥ ተኛች። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ከአልጋዋ ግርጌ ባልዲ ነበር። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ልቤ ይመታ ነበር።

የምንኖረው አፓርትመንት ላይ ነው፣ የመጨረሻው ፎቅ። ቤቱ የተገዛው ወንድሜ አረብ አገር ለፍቶ በላከው ብር ነው። ሁላችንም ከፍለን ከገባን በኋላ ህንፃውን ሰርቶ የሸጠልን ሰውዬ ማንንም ሳይጠይቅ ጣሪያው ላይ ሌላ ፎቅ መቀጠል ጀመረ። ልብስ የምናሰጣበት፣ በርበሬ የምናደርቅበት ቦታ ተዘጋ። አሸዋና ብሎኬት በደረጃችን ይመላለሳል። ኮንክሪቱን ሲቦረቡሩት ውሃው እኛ ላይ ወረደ። ስናናግረው «ህንፃው የኔ ነው» አለን።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከናል፣ እዚያ ስንደርስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። እናቴ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ አራት ቀን ስትመላለስ አንድ ሰው ተነስቶ ወንበር አልሰጣትም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። መጀመሪያ የያዝነው ጠበቃማ ቀብዱን ተቀበለ፣ ከዚያ ስልክ አያነሳም። ቤቱን አንድ ቀን መጥቶ አላየውም! ጎረቤቶቻችንም «ተይው፣ ለአላህ ስጪው» ማለት ጀምረው ነበር።

አንድ ቀን ቡና ላይ ጎረቤታችን ስለዚህኛው ጠበቃ ነገረችን። ቢሮው ፒያሳ አካባቢ ነው። ደወልኩ። «ከሥራ ስወጣ መጥቼ ልየው» አለኝ። አላመንኩትም። በዚያው ምሽት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ጃኬቱ ረጥቦ በራችን ላይ ቆመ። ጫማውን አውልቆ ገባ። ጣሪያውን ከማየቱ በፊት እናቴ አጠገብ ተቀመጠና «እማማ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ያጫውቱኝ» አላት። እያለቀሰች ነገረችው። አንዴም አላቋረጣትም። ስትጨርስ ባልዲው ሞልቶ ነበር፣ እሱው ብድግ አድርጎ ሄዶ ደፋው። «አብሽሩ እማማ፣ ይሄ ጣሪያ የሁላችሁም ነው» አላት። ያን ሌሊት እናቴ ስትመርቀው አደረች።

የሕጉ ነገር ለእኔ ብዙ አይገባኝም። የጋራ ህንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚባል እንዳለ፣ ደረጃና ጣሪያ የጋራ መጠቀሚያ እንደሆነ፣ የህንፃ ሹም ከፈቃድ ውጪ የሚሰራን ግንባታ ማስቆም እንደሚችል የሰማሁት ከእሱ ነው። የግንባታ ፈቃዱን ኮፒ አወጣ፣ ያ ፎቅ ፈቃዱ ላይ የለም። እኛን አስፈርሞ ለህንፃ ሹሙ በጽሁፍ አመለከተ፣ ፍርድ ቤት ደግሞ እግድ ጠየቀ። ሌላውን ወረቀት እሱ ያውቀዋል። ብቻ ሥራው ቆመ፣ የተጀመረው ግድግዳ ፈረሰ፣ ጣሪያው ተደፈነ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሥራው የቆመ ዕለት የቀን ሰራተኞቹ ሂሳባቸውን ሳይቀበሉ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ጠበቃው «እነዚህ ልጆች ምን አጠፉ?» ብሎ ፎርማኑን አነጋግሮ የሳምንታቸውን አስከፈላቸው። እኛ እንኳ አላሰብነውም ነበር። ማሻ አላህ፣ ያሳደገችውን እናት አላህ ይጠብቃት።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ዝም አትበሉ፣ ይሄን ሰው አማክሩት። ክፍያውን በሦስት ጊዜ ነው የተቀበለን፣ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ሰጥቶናል። ስልክ ያነሳል፣ ካላነሳ መልሶ ይደውላል። ኮምቦልቻም ድረስ ሄዶ ያያል። ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ መለጠፍ አልፈለግኩም፣ በውስጥ ጻፉልኝና እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የሽያጭ ውላችሁንና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ሂዱ። እኔንም መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱን ነው።