ለ4 በ4 ክፍል ባለ 12 ሺህ ኤሲ ወይስ ባለ 18 ሺህ?

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ ለመኝታ ቤት ባለ 12 ሺህ ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ኤሲ ይበቃል ወይስ 18 ሺህ ይሻላል የሚለው ነው። ክፍሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር ከሆነና ኮርኒስ ካለው፣ ባለ 12 ሺህ ኢንቨርተር፣ ማለትም እንደ ክፍሉ ሙቀት ፍጥነቱን የሚያስተካክል ኤሲ፣ ይግዙ እላለሁ። በተለመደው ስሌት ለአንድ ካሬ ሜትር 600 ቢቲዩ ቢያዝ 16 ካሬው የሚፈልገው 9,600 ነው፤ ለድሬ ፀሐይ ብለን 750 ብናደርሰው እንኳ 12 ሺህ ላይ ይቆማል። ጣሪያው ራቁቱን ቆርቆሮ ከሆነ ግን ለትልቅ ኤሲ ሊከፍሉ ያሰቡትን ልዩነት መጀመሪያ ለኮርኒስ ያውሉት። ባለ 18 ሺሁን የምመክረው ለሰፊ ሳሎንና በከዚራ ሰፈር እንዳሉት ጣሪያቸው ከፍ ላለ አሮጌ ቤቶች ነው።

ሻጮች ትልቁ ቶሎ ያቀዘቅዛል ይላሉ፤ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ባለ 18 ሺሁ ከራሱ ዋጋ በላይ ወፈር ያለ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከፍ ያለ ብሬከርና ተጨማሪ ጋዝ ያስወጣል። ኢንቨርተር ካልሆነ ደግሞ ትንሿን ክፍል ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋና ወዲያው ይነሣል፤ በተነሣ ቁጥር ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚስብ፣ ማታ ማታ መብራት በሚደክምበት ሰፈር ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ዕድሜ አይኖረውም። ባለ 12 ሺሁ ግን በሙሉ ኃይል ቢሠራ እንኳ 1.1 ኪሎዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ በቀን 8 ሰዓት ቢበራ በወር 264 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ኢንቨርተሩ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ስለሚያዘግም ከዚህም ይወርዳል። ታሪፉ በፍጆታ እርከን የሚጨምር በመሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የኢንቨርተር ደካማ ጎኑ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ነው። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ሊቃጠል ይችላል፤ ሞዴሉ ያልተለመደ ከሆነም መለዋወጫው አይገኝም፤ ስለዚህ የቮልቴጅ መከላከያ ሳይገዙ አያስገጥሙት።

ከመጠኑ ይልቅ ሰውን የሚያከስረው የኤሲውን የውስጥና የውጭ አካል የሚያገናኘው የጋዝ ቱቦ ነው። ጎረቤቴ ቤት ሊገጠም የመጣውን «መዳብ» ጫፉን በቢላ ስንፍቀው ከሥሩ ነጭ አሉሚኒየም ወጣ። እንዲህ ያለው መጋጠሚያው ላይ ቶሎ ይበሳል፤ ከዚያ በኋላ በየክረምት በጋው ጋዝ ማስሞላት ነው። የቱቦውን አየር በቫኪዩም ፓምፕ መጥጦ ሳያወጣ ጋዝ የሚለቅ ገጣሚም እንዲሁ ይሸኝ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውንም አይመኑ፤ ከቤት ውጭ የሚተከለው የኤሲው አካል ጎን ላይ ያለውን ሰሌዳ ያንብቡ። እውነተኛ 12 ሺህ የማቀዝቀዝ አቅሙ 3.5 ኪሎዋት ነው፤ 2.6 የሚል ካገኙ በ12 ሺህ ዋጋ የተሸጠልዎት ባለ 9 ሺህ ነው።