አሚትሪፕቲሊን ወይስ ፍሎክሰቲን? ማዘዣው ከመጻፉ በፊት ለሐኪምዎ የሚነግሩት

ለድባቴ ሕክምና የሄደ ሰው በአገራችን ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ይታዘዝለታል። አሚትሪፕቲሊን ትራይሳይክሊክ ከሚባለው የቀድሞ ወገን ሲሆን ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ ሲሠራበት ቆይቷል። ፍሎክሰቲን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1987 (እ.ኤ.አ.) ነው። ድባቴን በማስታገስ ብዙም አይራራቁም። የሚለያዩት በሚያስከትሉት ጉዳት ስለሆነ ምርጫው የሚወሰነው በታማሚው ዕድሜ፣ በሌሎች ሕመሞቹና በቤቱ ሁኔታ ነው።

አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ይወሰዳል፤ ሲገላበጥ ለሚያነጋ ሰው ይህ ራሱ እረፍት ነው። ፍሎክሰቲን ግን ሊያነቃ ስለሚችል በአብዛኛው ጠዋት ይታዘዛል። ጿሚ ከሆኑ ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ እንጂ በራስዎ አይዝለሉት።

አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ሽንትም ሊይዝ ይችላል። የፕሮስቴት ችግር ወይም ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ያለበት ሰው ይህን ሳይናገር መድኃኒቱን መቀበል የለበትም። የልብ ሕመምተኛም እንዲሁ፤ በቅርቡ የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ድንገተኛ የልብ ሕመም ለደረሰበት ሰው ጨርሶ አይሰጥም። ለአረጋውያን እኔ በመጀመሪያ ምርጫነት አልደግፈውም። አባት ሌሊት ለሽንት ብድግ ሲሉ የደም ግፊታቸው ድንገት ይወርድና ይወድቃሉ፤ በዚያ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ከአልጋ ላያስነሣ ይችላል። የግድ ከታዘዘላቸው መብራት ያብሩ፤ እግራቸውን መሬት አስነክተው ጥቂት ተቀምጠው ይነሡ።

ፍሎክሰቲን በበኩሉ ያቅለሸልሻል፣ ራስ ያሳምማል፣ ያቁነጠንጣል። እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር ሲወሰድ የመድማት አደጋን ይጨምራል። የወሲብ ስሜትንም ይቀንሳል፤ ብዙዎች ይህን ለመናገር አፍረው መድኃኒቱን በዝምታ ያቆማሉ። ለሐኪም ቢነገር ግን መፍትሔ ይፈለግለታል።

አሚትሪፕቲሊን በግልጽ የሚበልጥበት ቦታ አለ፤ የነርቭ ሕመም። የስኳር ሕመም እግራቸውን ለሚያቃጥላቸውና ማይግሬን ለሚመላለስባቸው በአነስተኛ መጠን፣ ማታ ማታ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ተጀምሮ ይሰጣል። «ለእግሬ ብሄድ የአእምሮ መድኃኒት ሰጡኝ» ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከታዘዘው በላይ ሲወሰድ የሚመጣው ነው። አሚትሪፕቲሊን የልብን ምት ያዛባል፣ እንደ ሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላል፤ ለትንሽ ልጅ ጥቂት ኪኒኖች እንኳ አስጊ ናቸው። ፍሎክሰቲን በዚህ ረገድ እጅግ ይሻላል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ሕፃን ካለ፣ ወይም ታማሚው ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ካለው፣ ይህ በግልጽ ለሐኪሙ ይነገር። አሚትሪፕቲሊን ግድ ከሆነም የአንድ ሁለት ሳምንት ብቻ እንዲሰጥ ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ ተቆልፎበት ቁልፉን ሌላ የቤተሰብ ሰው ይያዝ። ልጅ ከዋጠ ወተት እያጠጡ ጊዜ አያጥፉ፤ ምልክትም አይጠብቁ። ማሸጊያውን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሩጡ።

ከአንዱ ወደ ሌላው በራስ መቀየርም አደገኛ ነው። ፍሎክሰቲን ከቆመ በኋላ እንኳ ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ የአሚትሪፕቲሊንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ከሁለቱም ጋር ሲወሰድ እንዲህ ያለ የመንቀጥቀጥ አደጋ አለው። አረቄና ጠጅ የአሚትሪፕቲሊንን ድንዛዜ ያባብሳሉ።

ሁለቱም ስሜትን ለማሻሻል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃሉ፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ቀድሞ ይመጣል። አልሠራልኝም ብለው በሳምንቱ አይተዉት፤ ሲሻልዎትም መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው። ከ25 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤተሰቡ በቅርብ ይከታተለው። እረፍት ካጣ፣ ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ ወይም ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ፣ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ይታይ።