ወገቤ ተንቋቋ፣ እግሬ አልሰማም

ጅማ ሒርማታ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብዬ ፔዳል ረግጫለሁ። ስለዚህ እግሬ ሲያስቸግረኝ መጀመሪያ ያማሁት የስፌት መኪናዬን ነው።

ነገሩ የጀመረው አምና ክረምት ላይ ነው። ማታ ማታ ውስጥ እግሬ ፍም የረገጥኩ ያህል ይለበልበኛል። ቀን ደግሞ ጉንዳን ይሄድበታል። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «አንተ ሰውዬ፣ ነጠላ ጫማህስ?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ የግራው የለም። ከባጃጅ ስወርድ ወልቆ ቀርቷል። ያን ሁሉ ጭቃ በባዶ እግሬ ስረግጥ አልተሰማኝም።

ምክር የማይሰጥ የለም። አንዱ ወጌሻ ይላል፣ ሌላው ዝንጅብል። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ ካይሮፕራክተር ጋ ልውሰድህ» አለች፤ አከርካሪን በእጁ እየተጫነ የሚያክም ባለሙያ ማለት ነው። ጅማ ውስጥ እንዲህ የሚል ታፔላ አይቼ አላውቅም። እናም ወገቤን ለማሳየት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አውቶቡስ ላይ ተቀመጥኩ። ወገቡን ያላመመው ሰው እንኳ እዚያ ሲደርስ ያመዋል!

ቤቱ ንጹሕ ነው፣ አቀባበሉም ጥሩ ነው። ፊት የሚገባበት ቀዳዳ ያለው አልጋ ላይ በሆዴ አስተኙኝ። በቀዳዳው የባለሙያው ጫማ ብቻ ይታየኛል። ተረከዙን ከፍ ሲያደርግ ሊጫነኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ቋ! ደረቅ እንጨት የተሰበረ ነው የሚመስለው። ያማል እንዳልል አያምም፤ ደስ ይላል እንዳልልም ያስፈራል። ስነሳ ግን ከወገቤ ላይ አንድ ሸክም የወረደ መሰለኝ።

አራት ጊዜ ሄድኩ፣ በየጊዜው 1,800 ብር። እውነቱን ለመናገር ወገቤ ተፍታቷል። ድሮ አንድ ሱሪ ሳልጨርስ ቆሜ እንጠራራ ነበር፤ አሁን ሁለት እሰፋለሁ። እግሬ ግን ያው ነው። እነሱ «ነርቭዎ አከርካሪው ላይ ተይዟል፣ 24 ጊዜ ያስፈልግዎታል» አሉኝ። ቅር ያለኝ ሌላ ነው። ስኳር አለብህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። እኔም አልተናገርኩም፣ ጥፋቱ የጋራ ነው።

ልጄ ስልኳ ላይ ታሪኩን አነበበችልኝ። ይህ ሕክምና የተጀመረው በ1895 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ነው። ጀማሪው ሰውዬ የመጀመሪያ ታካሚውን ጀርባ ተጭኖ የተደፈነ ጆሮውን ከፈትኩለት ይል ነበር። ከጀርባ ጆሮ ከተደረሰ፣ እግር ምን ያህል ይርቃል ብዬ ስቄያለሁ።

ስወጣ ገንዘብ ተቀባይዋ አንድ ጠርሙስ ሸጠችልኝ። «ለነርቭ» ይላል። 60 ፍሬ፣ 3,400 ብር። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤ ሲያልቅ ሌላ እየገዛሁ ሁለት ወር ገደማ ዋጥኩ።

ለውጥ ሳጣ እዚሁ ጅማ ሐኪም ጋ ገባሁ። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው። ሹካ የመሰለች ብረት አወጣና መታ አድርጎ የእጄ አንጓ ላይ አስቀመጣት፤ ንዝረቷ እስከ ክርኔ ተሰማኝ። የእግሬ አውራ ጣት ላይ ሲያስቀምጣት ግን ጸጥ አለች። «ቆመች እንዴ?» አልኩት። አልቆመችም። ለማሳየት መልሶ እጄ ላይ ሲያደርጋት ገና ትንዘፈዘፋለች።

«ጋሼ፣ ስኳርዎ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዘጠኝ።»

ያን ሁሉ ዓመት የምወስደው ሜትፎርሚን ነው። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን ቫይታሚን ቢ12 ሊቀንስ ይችላል አለኝ። ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። እኔ ጾሙን አንድም አልዘል፤ ሽሮና ጎመኑ ያንን አይተካም። በዚያ ላይ ስኳሩ ራሱ የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ሜትፎርሚኑን አቁም ግን አላለኝም።

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ጀርባውን አንብቦ ዝም አለ። አንዱ ፍሬ ብቻ 100 ሚሊግራም ቫይታሚን ቢ6 አለው፤ እኔ በቀን 200 ስውጥ ከርሜያለሁ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ለአዋቂ ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 12 ነው። ቢ6 ሲበዛ ደግሞ እሱው ራሱ እግር ያደነዝዛል! የሚያስፈልገኝ ቢ12 ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም።

የደም ምርመራው ቢ12 ዝቅ ማለቱን አሳየ። መርፌ ጀመርኩ፣ ስኳሬንም ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ሦስት ወር ሆነኝ። ማቃጠሉ ቀንሶ ሌሊት እተኛለሁ። ጣቶቼ ግን አሁንም ድንዝዝ ናቸው፤ ላይመለሱ ይችላሉ ተብያለሁ። ስለዚህ ማታ ማታ ባለቤቴ በባትሪ ውስጥ እግሬን ታያለች፣ ቁስል እንዳይኖር።

ወገቡ የደረቀበት ሰው ካይሮፕራክተር ጋ ቢሄድ አልከለክልም፤ ሁለት ሦስቴ ይበቃል። አንገቴን ግን አላስነካም፤ አልፎ አልፎ የደም ሥር ሊቀደድ እንደሚችል ዶክተሩ ነግሮኛል። ጭኑ መሃል የደነዘዘ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ እንጂ አልጋው ላይ እንዳይወጣ። እግሩ የሚለበልበው ስኳር ያለበት ሰው መጀመሪያ ደሙን ያስመርምር።

ጠርሙሱ አሁን ሱቄ ውስጥ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ አጠራቅምበታለሁ፤ ክዳኑ ጥሩ ነው።