ውርጭ እያሳዩ ላስተማሩኝ ሰው

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ሁለት ወር አመነታሁ። ጋሼ "ስሜን እንዳትጠሪ" ብለው አስምለውኛል። እሺ፣ አልጠራም። ማመስገን ግን አልተውም።

ጋሼ የመንዝ ሰው ናቸው፣ ያደጉት ደብረ ብርሃን ነው። ሥራቸው ውጭ አገር፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ክሊንሩም ውስጥ አዲስ ገቢዎችን ማሰልጠን ነው። ክሊንሩም ማለት አየሩ እየተጣራ የሚገባበት፣ ቺፕና ሴንሰር የሚሠራበት ክፍል ነው። እሳቸው የሚያሰለጥኑት ስስ ፊልም አቀባብን ነው። ብረት ይተንና መስታወት ወይም ሲሊከን ላይ ያርፋል። የሚያርፈው ሽፋን ከፀጉር በመቶዎች ጊዜ ይቀጥናል።

እኔም ማስተርሴን በዚሁ ሥራ ላይ ነው የምሠራው፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ። መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ስልጠናዬ 40 ደቂቃ ነበር። አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁልፍ እየተጫነ ያወራል። እኔ ከኋላው ቆሜ አንገቴን አሰግጋለሁ። ሰዓቱን እያየ "ጥያቄ አለ?" አለኝ። ምኑንም ሳላውቅ ምን ብዬ ልጠይቅ? ወፍራም ማኑዋል ሰጠኝ፣ ፈረምኩ። በቃ፣ ሰለጠንሽ ተባልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ናሙናዬን በተራ ፕላስተር ለጥፌ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። አይቻልም ያለኝ ሰው አልነበረም። የፕላስተሩ ሙጫ በሙቀት ተነነና ቻምበሩን፣ ማለትም ብረቱ የሚተንበትን የማሽኑን ሆድ፣ በከለው። ማሽኑ ተከፍቶ እስኪጸዳ ከሳምንት በላይ ቆመ። በማግስቱ ለሁሉም ተጠቃሚ ኢሜይል ተላከ። ስሜ አልተጻፈም፣ ግን ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ምሳ ቦታ ስደርስ ወሬ ይቋረጣል። የመግቢያ ፈቃዴንም ነጠቁኝ። በኪሴ ገንዘብ የኦንላይን ኮርስ ገዛሁ። እሱም ስላይድ ማንበብ ብቻ ሆነ። ጥያቄ ብልክ የሚመልስ የለም። ያንን ገንዘብ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

ታኅሣሥ ላይ ለእረፍት ደብረ ብርሃን ስገባ ላለመመለስ ወስኜ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሠራ ሰው ነው። ማታ ሲገባ ኮቱ ላይ የሱፍ ብናኝ አይጠፋም። እናቴ በር ላይ አራግፋለት ነው የምታስገባው። እኔ በዚያ ብናኝ ነው የተማርኩት። እንዴት ብዬ "ልተወው ነው" ልበለው? ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ነገሩን ከፊቴ ያነበበችው አክስቴ ናት። "የእማማ ልጅ ከውጭ መጥቷል፣ እሱም እንዳንቺ ነጭ ልብስ ለብሶ ነው አሉ የሚሠራው፤ ሂጂና አናግሪው" አለችኝ።

ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ማውራት ጀመርኩና እንባዬ ቀደመኝ። ጋሼ "ምን አበላሸሽ?" አላሉኝም። "ማን ነው ያሰለጠነሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና "ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ልጄ። ያልተነገረሽን ከየት ታመጪዋለሽ?" አሉኝ። ያን ያህል ጊዜ ያንን ቃል አንድም ሰው አላለኝም ነበር። ከዚያ "ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነይ። ጋቢ ደርቢ" አሉኝ።

የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ንጋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሣሩ ነጭ ሆኗል፣ ውርጭ። በር ላይ የቆመች መኪና መስታወት ላይም አርፏል። "ማን ቀባው?" አሉኝ። ዝም አልኩ። "ዝናብ አልዘነበም፣ ውሃ አልፈሰሰም። አየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ በቀጥታ በረዶ ሆኖ ተቀመጠ። ማሽኑም የሚሠራው ይህንኑ ነው፣ በውሃ ፋንታ በብረት።" ቀጥለው የመስታወቱን አንድ ጥግ አሳዩኝ። እዚያ ጋ የውርጩ ቅርጽ ሌላ ነው። ማታ ሰው በቅባታም ጨርቅ ወልውሎታል። "እድፉን እያየሽው ነው" አሉኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ናሙና እጠቡ እየተባልን ለምን እንደምናጥብ የገባኝ ያኔ ነው።

ቤት ስንገባ እማማ ባቄላ ጥደዋል። "እዚህ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?" አሉኝ። 100 አልኩ። "አይ! ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። የእናቴ ባቄላ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። አየሩን ጨርሰሽ ብታወጪውስ? ብረትም ይቀለዋል።" አሉሚኒየም በተለመደው የአየር ግፊት እንዲፈላ ከ2,400 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ቫኪውም ውስጥ፣ ማለትም አየሩ ተስቦ በወጣለት ቦታ፣ ግን 1,200 አካባቢ ላይ በደንብ ይተናል። አየሩን ስለሚያወጡት ፓምፖች አሠራርም ብዙ አስረድተውኛል፣ እሱን ለሚገባቸው ልተወው።

የማልረሳው ግን የዱቄቱን ነገር ነው። ጋሼ ከፋርማሲ ጓንት ገዙ። ጥቁር የዝናብ ልብስ ከነቆቡ አመጡ። እማማ ጤፍ ዱቄት በሳህን አቀረቡ። "እጅሽን ዱቄት ውስጥ አስገቢና ልበሽ" አሉኝ። ለበስኩ። መስታወት ፊት አቆሙኝ። ደረቴ ላይ ነጭ፣ አገጬ ላይ ነጭ፣ ጓንቴ ላይ ነጭ። ስልኬ እንኳ አልቀረም። "ይሄ ዱቄት አይደለም፣ የራስሽ ቆዳ ነው። ሰው ሳያውቀው ይረግፋል" አሉኝ። ተራ ክፍል ውስጥ 28 ሊትር ያህል አየር፣ ከጀሪካን ትንሽ የሚበልጥ ማለት ነው፣ እስከ አንድ ሚሊዮን ብናኝ ሊይዝ ይችላል። እኛ በምንገባበት ክፍል የሚፈቀደው 100 ብቻ ነው። ከዚያ እንደገና አስለበሱኝ። ከላይ ወደ ታች፣ ልብሱ መሬት ሳይነካ። አሁንም እንደገና። በዘጠነኛው ጥቁሩ ልብስ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። እማማ እልል አሉ!

ሦስት ቀን እንዲህ አስተማሩኝ፣ እረፍታቸውን ትተው። የክፍያ ነገር ላንሳ ብል ተቆጡኝ።

ተመልሼ ስልጠናውን እንደገና ጠየቅሁ። ስለብስ አንዲት ሠራተኛ ቆማ ታየኛለች። ስጨርስ "የት ነው የተማርሽው?" አለችኝ። ደብረ ብርሃን አልኳት፣ ቀና ብዬ። ፈቃዴ ተመለሰልኝ። መጀመሪያ አሉሚኒየም ቀባሁ። የማሽኑን በር ስከፍት የቀባሁት የብርጭቆ ቁራጭ መስታይት ሆኗል። ከማስኩ በላይ ያሉት የራሴ ዓይኖች አዩኝ። ፎቶውን ለጋሼ ላክሁ። መልሳቸው "ስኮች ለጥፊና ንቀዪው" ነበር። ነቀልኩት፣ ፊልሙ አልተነሳም። ወርቅ ስቀባ ግን ተነሳብኝ። በእኩለ ሌሊት ደወልኩላቸው። "ግድግዳው ሳይመረግ ኖራ ብትቀቢው ይይዛል? ከሥሩ ስስ ክሮሚየም ወይም ቲታኒየም አስቀድሚ" አሉኝ። አስቀደምኩ፣ ያዘ።

ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ ወይም ማቴሪያልስ ተምራችሁ ወደ ውጭ የምትሄዱ የሸዋ ልጆች፣ እባካችሁ እኚህን ሰው ሳታገኙ አትሂዱ። ቀድሞ የሄዳችሁና እንደ እኔ አንገታችሁን የደፋችሁም እባካችሁ አግኟቸው። በአማርኛ ያስረዳሉ፣ አይሰለቹም፣ አያዋርዱም። እንደ እሳቸው ያለ አሰልጣኝ አላየሁም። ለማንም ብትነግሩ አታፍሩባቸውም። ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ። ከደብረ ሲና፣ ከሸኖ፣ ከመሐል ሜዳም ብትሆኑ ጻፉ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ያ የመጀመሪያው ብርጭቆ በሰው እጅ እየመጣልዎት ነው።

ጋሼ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ይመጣሉ። የምትሄዱ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። 12 ሰዓት ካሉ 12 ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ውርጩ አይጠብቅም።